እድራችን ድንኳን ይግዛ ወይስ ይቅርበት? የሰው ልማድ ወዴት እንደሚሄድ እንዴት ነው የሚጠናው?

የብሎካችን ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የእድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እድራችን ደህና ገንዘብ አጠራቅሟል። ድንኳናችን ግን አርጅቷል። ባለፈው ሐምሌ አንድ ለቅሶ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አዛውንቶቹ ድንኳን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ። በጣም ነው ያፈርኩት። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ዳኛችንና ትልልቆቹ "ትልቅ ድንኳን፣ 200 ወንበርና ሙሉ የድስት ዕቃ ይገዛ፤ ለልጆቻችንም ይተርፋል" ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ "ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ድንኳን ይጥላል? ሰው ሁሉ ወይ ተከራይቶ ወይ አዳራሽ ገብቶ ነው የሚጨርሰው፤ ገንዘቡ ለሕክምና መረዳጃ ይዋል" ይላሉ። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ነገ ነው። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ማስረጃ ይዞ የመጣ ግን የለም። በመጨረሻ "አንተ ተምረሃል፣ አጥንተህ አምጣልን" ተባልኩ። እስከ ጥቅምት ጊዜ ተሰጠኝ።

የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። የሰው ልማድ አጥንቼ አላውቅም። እንደመሰለኝ መጠይቅ አዘጋጀሁና ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት፤ ስልክ ለማይነኩት ደግሞ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። "እድር ለእርስዎ ምን ያህል አስፈላጊ ነው?" "ከአሥር ዓመት በኋላ የሚቀጥል ይመስልዎታል?" እንዲህ እንዲህ የሚል ነው። መልሱ ሁሉ አንድ ሆነብኝ። በጣም አስፈላጊ ነው፣ ይቀጥላል፣ ያለ እድር ሰው ምን ይሆናል። እሺ ብዬ ደስ አለኝ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ስብሰባ ስንጠራ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። "ይቀጥላል" ብለው በእጃቸው የጻፉልኝ ሰዎች ናቸው የቀሩት። የቱን ልመን?

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የሰው ልማድ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎች ምኑን ነው የሚያዩት? ከየት ይጀምራሉ? ደግሞ ዛሬ ያየሁት ለውጥ አላፊ ይሁን ዘላቂ በምን ልለየው? የተሳሳተ ነገር ይዤ ቀርቤ የሰው ገንዘብ ማባከን አልፈልግም። ለቀብር ተብሎ ከጉሮሮ ተነጥቆ የተዋጣ ገንዘብ ነው።

ጡረተኛው ቆጣሪ

ሰላም ልጄ። ዕድሜዬን በሙሉ ማለት ይቻላል መረጃ ስሰበስብ ነው የኖርኩት። የ1987ቱን የሕዝብ ቆጠራም የ1999ኙንም ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ገላን አካባቢ ነው ያለሁት። ጥያቄህን ሳነበው ደስ አለኝ፤ ብዙ ሰው "ማስረጃ የለኝም" ብሎ አይጀምርምና።

መጠይቅህ የወደቀው በይሉኝታ ነው። ሰው ዋሽቶህ አይደለም። የእድሩ ጸሐፊ በሬ ላይ ቆሞ "እድር አስፈላጊ ነው?" ቢለኝ እኔስ ምን እላለሁ? አይደለም ብል ነገ ማን ይቀብረኛል? አንድ ጊዜ ስለ ውኃ አጠቃቀም ስንጠይቅ የሰፈሩ ሰው በሙሉ "አፍልተን ነው የምንጠጣው" አለን። አንዷ እናት ግን ደክሞኝ አይታ ውኃ ስትሰጠኝ ከጀሪካኑ ቀድታ ነው። እኔም ጠጣሁና መልሷን እንዳለ ጻፍኩ። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል። መጻፍ የነበረብኝ ሁለቱንም ነው፣ ያለችውንም ያደረገችውንም።

ስለዚህ አስተያየት አትጠይቅ። የመጨረሻውን ጊዜ ጠይቅ። "ለመጨረሻ ጊዜ ለቅሶ የደረሱት መቼ ነው? የማን ነበር? በማን ሰሙ? በስንት ሰዓት ሄደው በስንት ሰዓት ተመለሱ? ምን ይዘው ሄዱ?" እንዲህ ስትል ሰውየው ስለ ራሱ መልካምነት ሳይሆን ስለ አንድ ማክሰኞ ነው የሚያስበው። "ብዙ ጊዜ"፣ "ሁልጊዜ"፣ "በአጠቃላይ" የሚሉ ቃላት ከመጠይቅህ ይውጡ። ስለ ነገም አትጠይቅ፤ የራሱን ነገ የሚያውቅ ሰው የለም፣ የሚመኘውን ነው የሚነግርህ።

ሁለተኛ፣ በእጅህ ያለውን አላየኸውም። የእድር መዝገብ ስንት ነገር ይዟል መሰለህ! ማን መዋጮውን በስንት ቀን ዘግይቶ ከፈለ፣ ማን ተቀጣ፣ ማን ቀብር ላይ ስሙ ሲጠራ አቤት አለ፣ ድንኳኑ ስንት ቀን ቆሞ ተመለሰ፣ ለሠርግና ለክርስትና ስንቴ ወጣ። ይሄ ሁሉ ሰው አጥኚ መጣብኝ ሳይል ያደረገው ነው። ዓመት በዓመት አውጣው። ከአንድ ዓመት ምንም አታነብም፤ ስድስት ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው የሚናገረው።

ግን ተጠንቀቅ። መዝገብ ያልገባውን ሰው አያውቅም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቤቱ ባለቤት ሌላ፣ የሚኖርበት ሌላ ነው። ባለቤቱ እድሩ ውስጥ ስሙ አለ፣ እሱ ግን ጀሞ ነው የሚኖረው። ተከራዩ እዚሁ ደረጃህ ላይ በየቀኑ ሰላም ይልሃል፣ መዝገብህ ላይ ግን የለም። ከብሎካችሁ አንድ ደረጃ ምረጥና ቤት በቤት ቁጠር። ማን ባለቤት ነው፣ ማን ተከራይ ነው፣ ማን የት እድር አለው። ከመንግሥት ቁጥር እንዳትጠብቅ። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ አንተ ያለህበት ሳይት ደግሞ ገና እርሻ ነበር። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ። ስለዚህ የብሎክህን ቁጥር ከአንተ በቀር የሚያመጣው የለም።

ለቅሶ ቤት ሂድና እስከ መጨረሻው ተቀመጥ። ደብተር እዚያ አታውጣ፣ ነውር ነው። ቤትህ ስትመለስ ጻፈው።

ድንኳንና ወንበር

ጋሼ የጻፉትን አንብቤ ነው። እኔ አቃቂ መስመር ላይ ድንኳን፣ ወንበርና የድግስ ዕቃ አከራያለሁ። አጥኚ አይደለሁም ግን የሰው ደስታም ሐዘንም በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ የማየውን ልንገርህ።

ወንድሜ፣ እናንተ የምትከራከሩት "ድንኳን ይቀራል ወይስ አይቀርም" ብላችሁ ነው። እኔ ጋ የሚታየው ሌላ ነው። ድንኳን አልቀረም፤ የሚቆይበት ጊዜና መጠኑ ነው የተለወጠው። ሥራ ስጀምር ድንኳን ሲወጣ ሦስት ቀን እንደሚቆይ አውቄ ነበር ሌላ ደንበኛ የምቀበለው። አሁን ብዙው ሰው በቀብሩ ማግስት "ከሰዓት በኋላ አንሡልን" ብሎ ይደውላል። ትልቁን ድንኳን የሚጠይቀኝ ደግሞ የግቢ ቤት ያለው ነው። የኮንዶሚኒየም ሰው ትንሹን ነው የሚወስደው።

ለምን መሰለህ? ኮብልስቶን! የድሮው ድንኳን ካስማ ይፈልጋል። ብሎኮቹ መሃል ያለው ሜዳ ደግሞ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ልጆቼ ካስማ መምቻ አጥተው ገመዱን ከደረጃው ብረት ጋር አስረው፣ የቀረውን የቆመ መኪና ጎማ ላይ አስረው ያውቃሉ። ባለመኪናው ጠዋት 12 ሰዓት ሥራ ሊሄድ ሲነሣ ለቀስተኛው ተኝቶበት ድንኳኑ ግማሹ ወረደ። ከዚያ በኋላ ነው ብረት አቋቋም ያለውን ያስመጣሁት፤ አሁን ሰው የሚሻማው እሱን ነው። እንግዲህ ይሄን ያመጣው ወጣቱ ባህል ስለናቀ ነው? መሬቱ ነው የተለወጠው።

ሌላ ያስተዋልኩት፣ አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚመጣው በሠርግና በልደት ነው። ለቅሶ ላይ የሚደርሰው መጨረሻ ነው። የታሸገ ውኃ በካርቶን መደርደር ሠርግ ላይ ነበር፤ ዛሬ ለቅሶ ላይም የተለመደ ነው። ምግብ ማዘዝም እንዲሁ። ስለዚህ ለቅሶ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ይመስላል ካልከኝ ዛሬ ሠርግ ቤት ምን እንዳለ እይ እልሃለሁ። ሁሉም ግን አያልፍም። ንፍሮን የደፈረ እስካሁን አላየሁም። ምግቡን ሆቴል ያዘዘው ሰውም ንፍሮውን ጎረቤት ይቀቅልለታል።

አንድ የመጨረሻ። ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠይቅ። እዝን የሚያመጡት፣ ድስት የሚጥዱት፣ ሳህን የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው። እዚህ ዳር ላይ ያለች ሴት ሥራዋ መሃል ከተማ ነው። ሳይነጋ ወጥታ ሰልፍ ይዛ፣ ማታ መሽቶባት ነው የምትገባው። ለሟች ቤተሰብ አዝና ታለቅሳለች፣ ግን ሦስት ቀን ድስት ሥር መቆም ከየት ታመጣለች? ኮሚቴያችሁ ላይ ስንት ሴት አለች? እነሱን ሳትጠይቅ የጻፍከው ጥናት ጎደሎ ነው። ወጥ ሠሪዎቹን፣ የጥበቃ ሠራተኛውን፣ ድንኳን የሚተክሉትን ልጆች ጠይቃቸው። ማን መጥቶ ማን እንደቀረ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

አስተማሪው ከአባዶ

እህቴ የኮብልስቶኑ ነገር ገርሞኛል፤ ለተማሪዎቼ ነው የምነግረው። ሶሲዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የምኖረው የካ አባዶ ነው። "አላፊ ይሁን ዘላቂ በምን ልለይ" ላልከው ጥቂት ልጨምር።

"ወጣቱ እድር እየተወ ነው" ሲባል ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ዕድሜ ነው። ወጣት ስለሆነ አልገባም፤ ሲያገባና ሲወልድ ይገባል። ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ በዚህ ዘመን ያደገ ሰው ሃምሳ ዓመት ቢሞላውም አይገባም። ሦስተኛው ዘመኑ ራሱ ነው፤ ኑሮ ተወደደና ወጣቱም ሽማግሌውም እኩል ራቀ። ሦስቱም ዛሬ ላይ ቆመህ ስታያቸው አንድ ይመስላሉ፤ እሁድ ስብሰባ ላይ ወጣት አይታይም። መዘዛቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛው ከሆነ እድሩ ከአባላቱ ጋር አብሮ ያረጃል።

መለያው ቀላል ነው። ዛሬ ሽማግሌ የሆኑትን "እድር ሲገቡ ስንት ዓመትዎ ነበር? ምን ምክንያት ሆኖ ገቡ?" ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የገቡትን ዕድሜ እይ። ተቀራራቢ ከሆነ ዕድሜ ነው። አዲሶቹ በአምስት በስድስት ዓመት ዘግይተው ከገቡ ደግሞ ምናልባት ትዳር ዘግይቶ ይሆናል እንጂ እድር አልተጠላም።

ሌላው፣ ቀጥ ያለ መስመር አትስመር። ሁለት ነጥብ አይቶ ሦስተኛውን ማስቀመጥ የሁላችንም በሽታ ነው። በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው የልጅ ቁጥር በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው በ1992 ዓ.ም. 1.9 ነበር፣ በ1997 ወደ 1.4 ወረደ። ያኔ መስመር ያሰመረ ሰው በ2008 ከአንድ በታች ይደርሳል ባለ ነበር። የሆነው በ2003 1.5፣ በ2008 1.8 ነው።

የዝግታውም ነገር አለ። ራያንና ግሮስ የሚባሉ ሁለት አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ አዮዋ ውስጥ 259 ገበሬዎችን አዲስ የበቆሎ ዘር መቼ እንደጀመሩ ጠይቀው ነበር። ልብ በል፣ እንደ ጋሼ ምክር የጠየቁት ያደረጉትን ነው። ዘሩ ከመጣ ከአምስት ዓመት በኋላ የተቀበለው አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ሦስት ዓመት ወደ 40 በመቶ ዘለለ፤ በመጨረሻ ከሁለት ገበሬዎች በስተቀር ሁሉም ያዙት። ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጮች ነው፤ ያሳመናቸው ግን ጎረቤት ነው። ስለዚህ ብሎክህ ላይ አንድ ሁለት ሰው ብቻ የሚያደርገውን ነገር "ይሄማ ኢምንት ነው" ብለህ አትለፈው። ማን እንደጀመረው፣ ጎረቤቱ ምን እንዳለ ጻፍ።

ድንገተኛ ነገር ደግሞ ያሳስታል። ሚያዝያ 2012 በኮሮና ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ብዙ ሆኖ መሰብሰብ ሲከለከል ስንቱ ሰው "ከዚህ በኋላ ለቅሶ እንደ ድሮ አይሆንም" አለ። እኔም ብያለሁ። ለቅሶው ተመለሰ። ከዚያው ጊዜ ጀምሮ አብሮን የዘለቀው ትንንሹ ነገር ነው፤ መርዶ በቴሌግራም መንገር፣ ትንሽ ቆይቶም ግንቦት 2013 ቴሌብር ሲመጣ መዋጮን በስልክ መላክ። ሰው ሥራውን ያቀለለትን ነገር ይዞ፣ ከሰው የለየውን ጣለው።

በዚህ ላይ "ጠፋ" እና "ቅርጹን ቀየረ" ይለያያሉ። ማኪያቶና ኮንዶሚኒየም ሲበዛ የጀበና ቡና አበቃለት የሚል ብዙ ነበር። ዛሬ በየመንገዱ ዳር፣ በየሕንፃው ሥር ቄጠማ ጎዝጉዛ ጀበና የጣደች ልጅ አለች። ከሳሎን ወጣ እንጂ አልቀረም።

ከመሃል የመጣሁት

ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። የእኛን ልንገራችሁ። እድራችን መሃል ከተማ ነበር፣ ከአባቶቻችን የወረስነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ በጥቂት ሳምንት ተበተንን። አንዱ እዚህ ዳር፣ አንዱ በሌላኛው የከተማ ጫፍ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት የትኛውም አጥኚ መጥቶ መዝገባችንን ቢያገላብጥ "ይሄ እድር መቶ ዓመት ይኖራል" ነበር የሚለው። ስብሰባው ሙሉ ነበር፣ መዋጮው አይዘገይም ነበር። ነገን የሚያውቀው አምላክ ብቻ ነው። ድንኳናችን እስካሁን አንድ ሰው ቤት ታጥፎ አለ፤ የሚተከልበት ሜዳ የለም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጥያቄህ ይጠቅም እንደሆን። እድሩ አልፈረሰም። ሰው ሲሞት ከየዳሩ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይረን እንመጣለን። ባለፈው የአንዲት እናታችን ቀብር ላይ ስም ሲጠራ የቀረ የለም ብል ይቀለኛል። ሰፈር ሳይኖር እድር ሊኖር እንደሚችል ራሴ አላውቅም ነበር። አዲሱ ሰፈር ያለውን እድር ደግሞ እስካሁን አልገባሁም። አልጠላሁትም፤ እጄ አልዘረጋ ብሎኝ ነው።

አስተማሪው ከአባዶ

ወንድሜ፣ የጻፍከው ልብ ይነካል። እውነትህን ነው፣ እንዲህ ያለውን ከመዝገብ ማንም አያወጣውም። ፊሊፕ ቴትሎክ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶ የ284 ሊቃውንትን ትንበያ መዝግቦ ነበር። ስለ አገራትና ስለ ፖለቲካ ነገ ምን እንደሚሆን የተናገሩትን ከሆነው ጋር ሲያስተያየው በአማካይ በዘፈቀደ ከሚገምት ሰው ብዙ አልተሻሉም። በተለይ ሁሉን ነገር በአንድ ትልቅ ሐሳብ የሚፈቱት ይብሱ ነበር።

ይሁን እንጂ ሥራውን እዚያ ላይ አላቆመም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡድን ይዞ በገባበት የትንበያ ውድድር ላይ ከሌላው የተሻሉ ተራ ሰዎች አገኘ። ልዩነታቸው "ይሆናል"፣ "አይሆንም" አለማለታቸው ነው። "70 በመቶ" ብለው፣ ቀን ቆርጠው፣ ጽፈው ያስቀምጣሉ። አዲስ ነገር ሲሰሙ በትንሽ በትንሹ ያስተካክላሉ። ነጥብ የሚሰጣቸው ደግሞ ብራየር የሚባል የአየር ትንበያ ሰው በ1950 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሒሳብ ነው። 80 በመቶ ይሆናል ብለህ ነገሩ በእርግጥ ከሆነ ስሕተትህ 0.2 በ0.2 ሲባዛ 0.04 ነው። ካልሆነ 0.8 በ0.8፣ 0.64 ነው። ሲበዛ በራሱ የሚተማመን ሰው ሲሳሳት ዋጋው ከባድ ነው ማለት ነው። ኮሚቴያችሁ ውስጥ ሁለቱም ወገን መቶ በመቶ እርግጠኛ ናቸው ብለሃል። ቁጥር ጻፉ በላቸው። ሰው ገንዘብ እንዳስያዘ ሆኖ ሲጽፍ 100 ብሎ የሚደፍር ጥቂት ነው።

ከዚያ ደግሞ የአንድን ነገ ብቻ ዕቅድ አትያዝ። ሁለት ሦስት ነገዎችን ጻፍ። ብሎኩ እንዳለ የቆመበት፣ ባለቤቶቹ ለቀው ተከራይ የሞላበት፣ እንደ ወንድማችን ሰፈሩ የተነሣበት። በሦስቱም ውስጥ የማይጸጽት ግዢ የቱ ነው? ጥያቄውን እንዲህ ብታዞረው ይሻልሃል።

የብሎካችን ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥቅምት ደረሰና አቀረብኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የስድስት ዓመት መዝገብ ወረቀት ላይ አወጣሁ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ያስደነገጠኝ ነገር ስብሰባ የሚቀሩት ሰዎች ቀብር የማይቀሩ መሆናቸው ነው። የስብሰባ ቅጣታቸውን ሳይጠሩ በቴሌብር ይልካሉ። ቅጣቱ ለእነሱ ሌላ መዋጮ ሆኗል። ምክንያቱን ስጠይቅ ብዙዎቹ እሁድ እሁድ የወላጆቻቸው ሰፈር እድር ላይ ናቸው፤ ከመሃል የመጣኸው ወንድሜ እንዳልከው ነው፣ ሁለት እድር ያለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ባዶውን ወንበር አይቼ እድሩ እየሞተ ነው ብዬ ብጽፍ ኖሮ ተሳስቼ ነበር።

የዕድሜውን ነገርም ጠየቅኩ። ትልልቆቹ አብዛኞቹ የገቡት አግብተው የመጀመሪያ ልጅ ወልደው ነው። አሁን የሚገቡትም እንደዚያው ናቸው፤ ትንሽ ዘግይተው። ይሄን ሳነብላቸው ዳኛችን "እኔም እኮ እናቴ እየጎተተችኝ ነው የገባሁት" አሉ። ከእሳቸው ሰምቼው አላውቅም።

ያላሰብኩት ግን ሌላ ቦታ ነበር። የእኛን ደረጃ ቤት በቤት ስቆጥር ከግማሽ የሚበልጠው ተከራይ ነው። እድራችን ውስጥ ያለ ተከራይ ደግሞ አንድ ብቻ። ጥላቻ መስሎኝ ነበር። አራተኛ ፎቅ ያለች ነርስ ቡና አፍልታልኝ እንዲህ አለችኝ፦ "መግቢያው የስድስት ዓመት መዋጮ ነው። እኔ ደግሞ አከራዬ በስንት ወር እንደሚያስወጣኝ አላውቅም። ሰው ሲሞት ግን እኔ ነኝ ዕቃ የማጥበው።" እውነቷን ነው፤ በሐምሌው ለቅሶ ሳህን ስታጥብ አይቻታለሁ፣ አባል አለመሆኗን ግን ልብ አላልኩም። መተዳደሪያ ደንባችንን የጻፍነው ሁላችንም ባለቤት በነበርንበት ጊዜ ነው። ስለ ድንኳን ልጠይቅ ሄጄ ይዤው የመጣሁት ይሄን ነው።

ኮሚቴውን ቁጥር ጻፉ ስላቸው መጀመሪያ ተቆጡ። "ትንቢት ነው እንዴ?" ያሉም ነበሩ። ቆይተው ግን ሁሉም ጻፈ። በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ሰፍሯል። እስከ መስከረም 2023 በየዓመቱ ከሚደርሰን ለቅሶ ከግማሽ በላይ ድንኳን ይተከልበታል፤ የእኔ 85 በመቶ። ድንኳን ከሁለት ቀን በላይ የሚቆይበት ለቅሶ ከሩብ በታች ይሆናል፤ 70 በመቶ። የተከራይ መግቢያ ክፍያ ከተቀነሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አሥር ተከራይ ይገባል፤ እዚህ ላይ ብዙም አልደፈርኩም፣ 55 ነው ያልኩት። ዳኛችን መነጽራቸውን አድርገው በመጀመሪያው ላይ 95 ጻፉ። ከወጣቶቹ አንዱ 60። ያ ልጅ ከወር በፊት "ማን ድንኳን ይጥላል" ያለው ነው። ልዩነታቸው ያን ያህል እንዳልሆነ ሁለቱም ያዩት ያኔ ነው።

ትልቁ ድንኳን ቀረ። መካከለኛ፣ ብረት አቋቋም ያለው፣ ቢፈለግ ተነቅሎ ሌላ ቦታ የሚሄድና የሚሸጥ እንዲገዛ ተስማማን። ወንበሩ 80 ይሆናል፣ ሌላው ሲያስፈልግ ይከራያል። የቀረው ገንዘብ ለሕክምና መረዳጃ ተቀመጠ። የተከራዩ ጉዳይ ለጥር ስብሰባ ተቀጥሯል፤ ሁለት ሴቶች ኮሚቴው ውስጥ ገብተዋል፣ ነርሷም አባል ባትሆን መጥታ እንድትናገር ተጠርታለች።

የድንኳን እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለቱ ብሎኮች መሃል ያለውን ሜዳ በሜትር ለካሁት። ስፋቱ 9 ሜትር ነው፣ ግን በአንድ በኩል የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን አለ፤ እሱ ላይ እግር ማቆም አይቻልም። 6 በ12 የሆነ አንድ ወጥ ይሻላል ወይስ ሁለት 6 በ6 የሚቀጣጠል? ክረምት ላይ መገጣጠሚያው ያፈሳል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንደ ሐምሌው እንዳይሆንብን ነው።